ስምንት ፊደል

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ሲያንጣጣ፣
ከገንደ ቆሬ በባጃጅ፣ አቧራ ለብሼ ስመጣ፣
ላቦራቶሪው ውስጥ ወንበሩ ሃያ፣ እኛ አርባ፤
ሙቀቱ ግን ሳይመዘገብ ከሁላችን ጋር ገባ።

ዩኒክስ የሚሉት ይኼ ነው? ሥዕል የለው፣ መስኮት የለው፤
ጥቁር ብቻ። ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ
ብልጭ ድርግም ትላለች፣
በር ላይ ቆሞ «ማነው?» እንደሚል ሰው።

መምህር ኢብሳ ቁራጭ ወረቀት በየወንበሩ አደለ።
የኔ ላይ ስሜ አለ፤ ደግሞም የለ፦
ስምንት ፊደል ነው፣ ተቆጥሮ፣ ከዚያ ወዲያ አልተፈቀደም።
ፈርሒያ ሰባቱን ፈጀ፣ በፈረንጅ ፊደል ሲጽፉት፤
ለአባቴ ከተረፈችው አንዷን፣ «አ»ን ብቻ ሰጡት።
አብዱረዛቅ፣ ስሙ በምድር ባቡር ጋራዥ በር ላይ በቀለም የተጻፈ፣
ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ያጠበቀ፣ ሐዲዱ ዝም ሲል ቤት ያረፈ፣
እንደ መጨረሻ ፉርጎ
በአንድ ፊደል ከኋላዬ ተለጠፈ።

ከዚያ «የይለፍ ቃል» አለኝ።
ጻፍኩ። ምንም አልታየኝ።
ደግሜ ጫንኩ፤ ነጥብ የለ፣ ኮከብ የለ፣
ሰረዟ እዚያው ቆማ፣ ጣቴን እንዳላየች ዝም።
«መምህር፣ ቁልፉ ተበላሽቷል።»
ሳቀ። «ይቀበልሻል፤ ግን ለማንም አያሳይም።»

ይኼኔ እናቴ ታየችኝ፣ ከደወሌ ስትመለስ፣
በአንድ ድሪያ ሥር ሰባት ድሪያ ለብሳ፣ ላቧ እስከ ክርኗ ሲፈስ።
ፊናንሱ የላይኛውን አይቶ «እለፊ» ሲላት፣
ስድስቱ ገላዋ ላይ ትንፋሽ ሳያሰሙ ሲያልፉላት፣
ሾፌሩ ወደ ፊት ብቻ ሲያይ።

ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።
«ትክክል አይደለም» አለ እንጂ የቱ ፊደል እንደሆነ አልነገረኝም።
ኬላም እንዲሁ ነው፤
«ውረጂ» ይልሻል፣ ምክንያቱን አያወጣም።

በአራተኛው ከፈተልኝ።
እንኳን ደህና መጣሽ የለ፤ አንዲት የዶላር ምልክት
ባዶ ሜዳ ላይ አቁሞ ጠበቀኝ።
«ገና ከመግባትሽ ዶላር! ታይዋን መሰለው እንዴ?» አለች ኤብላ፣
አንድ ወንበር ላይ በግማሽ ጎኗ ተንጠልጥላ።

ረቢራ እጁን አወጣ፦ «ሩት ትፈቅዳለች፣ ሩት ትከለክላለች
ሲሉ ሰማሁ፤ ቢሮዋ የት ነው? ማግኘት ፈልጌ ነበር።»
መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ።
«ሥር ማለት ነው፤ የሁሉ የበላይ፣ ከሁሉ በታች ያለ።»
ረቢራ ጻፈው። አሁንም ሴት ትመስለዋለች።

«ማን ነኝ ብላችሁ ጠይቁት» አለን። ጠየቅኩት።
ስምንት ፊደል መለሰልኝ፣ ከነአባቴ ቁራጭ።
«የት ነኝ?» አልኩት። ቤትሽ ነሽ አለኝ።
ገንደ ቆሬ በአንድ ክፍል ስድስት ነን፣ እግር ለራስ ሆነን የምንተኛ፤
እዚህ ብቻዬን ቤት ተሰጠኝ፣
ባዶ ነው፣ ግን እኔ ካልፈቀድኩ ማንም አያየውም።
የወረቀቱን ቃል ሽሬ የራሴን አወጣሁ።
ምን እንደሆነ እዚህም አልጽፈው።

በማግስቱ ስገባ፣ ሳልጠይቀው፣
«መጨረሻ የገባሽው ትናንት ነው» አለ፣ «አሥራ አራት ሰዓት ከአሥር፣»
በራሱ አቆጣጠር፣
«ከጥጓ ማሽን።»
አስታወሰኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። የሻንጣ ገበር ትሰፋ ነበር።
መርፌዋ መሐል ላይ ቆመ።
«ሰዓቱንም?»
«ሰዓቱንም።»
«የተቀመጥሽበትንም?»
«እሱንም።»
ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።
«ልጄ፣ ኬላ ፊትሽን ከለየ
ቃልሽን ቀይሪ። ካልሆነም መንገድሽን።»

መምህር ኢብሳም ያንኑ ብሎናል፤ በየሦስት ወሩ።
እሱ እንኳ ከመጽሐፍ ነው ያገኘው።